ኢንጅነር የሚሉት በሬ

የካቲት 10 ቀን 2016፣ እሁድ፣ ጂንካ

ጻፊ። ይህን የምናገረው እኔ ሻንቆ ነኝ። የምትጽፈው ሱአድ ናት፤ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል የተከራየች የወራቤ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ነርስ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። መንገድ ሥራ ካምፕ ጥበቃ ሆኜ ስኖር ፎርማኑ ማታ ማታ የዕለቱን ውሎ ይጽፍ ነበር፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን አለ። በኋላ አንዱ ተነሥቶ "እኔ እንዲህ አላልኩም" ቢል ደብተሩ ይወጣል፣ ክርክሩ ያበቃል። እኔም ደብተር ያስፈለገኝ ለዚሁ ነው። ዘንድሮ ቤቴ ውስጥ ሹክሹክታ በዝቷል።

ሱአድ ስትጨርስ ታነብልኛለች። ያላልኩትን ከጨመረች አውቃለሁ። "ጋሼ፣ አያምኑኝም እንዴ?" አለች። አምንሻለሁ፣ ግን አንብቢ አልኳት።

ነገሩ ይህ ነው። የመጨረሻ ልጄ ኤፍራታ ሲቪል ኢንጅነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ እዚሁ ከተማችን፣ ዶርም ነው የምታድረው። ኢንጅነሪንግ የደረሳት ጊዜ አገሬ ካኮ ወርጄ ገበያ መሃል ተናግሬያለሁ፤ የአሸዋውን ወንዝ ድልድይ የምትሠራው የሻንቆ ልጅ ናት ብዬ። ያን ወንዝ በበጋ ያየው ወንዝም አይለው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሰው ይበላል። የዚያኑ ቀን ወዳጄ ዶላሞ ከሚጠብቅልኝ ከብቶች ውስጥ አንዱን ወይፈን መርጬ "ኢንጅነር" አልኩት። እኛ በና ነን፤ በእኛ ደንብ ወንድ በበሬው ስም ይጠራል። አሁን ካኮ ላይ ሻንቆ የሚለኝ የለም፤ የኢንጅነር አባት ነኝ። ኤፍራታ ስትመረቅ በሬው ይታረዳል፤ ስሜም ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

ስለዚህ ይህ ተርም በደህና እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

የካቲት 13

ዶላሞ ደወለ። ኢንጅነር መብላት ቀንሷል አለ። ሣሩን ያሸታል፣ ይተዋል። እንቅልፍ አጣሁ።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ኤፍራታ መጣች። ከስታለች። የዶርም ምግብ እንዲህ ነው ይላሉ። እናቷ ዘሪቱ የማሽላ ገንፎ ሠራችላት፤ ሁለቴ ጎርሳ ሳህኑን ገፋችው።

"ትምህርት እንዴት ነው?"

"ደህና ነው አባዬ።"

"ድልድይ ጀመራችሁ?"

"ገና ነን።"

"መቼ ነው የምትጀምሩት? ወንዙ እኮ አይጠብቅም።"

በሬው አልበላ ማለቱን ነገርኳት። እሷ የከብት ነገር ብዙም አይገባት፤ ሆኖም "ምስኪን" አለች፣ ዓይኗም ውሃ ሞላ። ለበሬ ይህን ያህል ማዘኗ ደስ አለኝ።

መብራት ከጠፋ በኋላ እናትና ልጅ ጓዳ ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ እኔም አልደነቆርኩም። ዘሪቱ "ንገሪው እንጂ" ትላለች። "እንዴት ብዬ ልንገረው?" "በአፍሽ።" "እማዬ፣ ዋርኒንግ ይዤያለሁ እኮ። ሁለተኛውን ከያዝኩ አለቀልኝ።"

ማስጠንቀቂያ እኔም ሁለቴ ተሰጥቶኛል፤ ሥራ ላይ ተኝተህ ተገኘህ ተብዬ። ምን ሆንኩ? ምንም። ጡረታዬን ይዤ ወጣሁ። በማስጠንቀቂያ የሚሞት የለም።

ሱአድ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቆመች። ምነው አልኳት። "ቀለሙ እምቢ ብሎኝ ነው" አለች። እስክሪብቶው አዲስ ነው፤ እኔ ነኝ የገዛሁት።

በሬ ምግብ የሚተወው በምን እንደሆነ ጠየቅኳት። "ጋሼ፣ እኔ የሰው ነርስ ነኝ። ሰው ሲጨነቅ አይበላም። ወደ ክሊኒክ እንዲህ እየሆኑ የሚመጡ ልጆች አሉ" አለች። በሬን ምን ያስጨንቀዋል? ነርስ መሆን ብቻ አይበቃም።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ ረጅም ነው። ሻይሽን ጠጥተሽ ተቀመጪ አልኳት ሱአድን።

ኤፍራታ መጥታ ነበር። ምሳ እንደበላን ዘሪቱ ጎረቤት ልሂድ ብላ ወጣች። ያን ጊዜ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ፤ ዘሪቱ ጎረቤት መሄድ አትወድም።

"አባዬ፣ ዲፓርትመንት ልቀይር ነው።"

"ወደየትኛው ኢንጅነሪንግ?"

"ከኢንጅነሪንግ ልወጣ ነው። ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ልገባ።"

"ቋንቋ? አሁን በምንድነው የምታናግሪኝ? አፍ መክፈት ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?"

"ሒሳቡ አልሆነልኝም አባዬ። ሳጠና አድሬ ወረቀቱን ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ይሄም ተርም እንዳለፈው ከሆነ ያባርሩኛል። እዚያኛው ግን እችላለሁ። አስተማሪዎቹ ጽሑፌን አይተው ነይ ብለውኛል።"

"እስኪ ማንም ነይ ያለሽ ቤት ሁሉ ግቢያ!"

"መቀየር የሚቻለው እስከ መጋቢት አሥራ ሦስት ነው። ከዚያ ካለፈ የለም።"

አስረዳኋት። ካምፕ ውስጥ ኢንጅነር ሲመጣ ሾፌሩ ይነሣል፣ ወጥ ቤቷ ትነሣለች፣ ፎርማኑ ራሱ ሲጋራውን ጥሎ ይነሣል። አንድ ቀን ኢንጅነሩ ላንድክሩዘሩ ላይ ጋቢና አስቀምጦኝ ከቀይ አፈር ከተማ እስከ ጂንካ መጥተናል፤ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ዛሬም ያወራዋል። የቋንቋ ሰው ሲመጣ ማን ሲነሣ አይተሻል? አልኳት።

"እኔ ሰው እንዲነሣልኝ አልፈልግም" አለች።

"እኔ እፈልጋለሁ" አልኩ።

ዘሪቱ ተመልሳ ፊታችንን አየችና እቃ ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ነው ደግማ ያጠበችው።

የካቲት 24፣ እሁድ

ተርም ሲጀመር ለኤፍራታ ውሃ እረጭላታለሁ። የአባቴ ደንብ ነው። ውሃ በአፌ ይዤ እጇና ራሷ ላይ እፍ እላለሁ፤ እኛ ባርጆ የምንለው፣ ዝናቡም ከብቱም ልጁም ደህና የሚሆንበት ነገር፣ በዚያ ይጠራል። ዘሪቱ ጴንጤ ናት፤ "በጌታ ስም ጸልየንላት የለም ወይ" ትላለች። ቢሆንም ጣሳውን ቀድታ የምታቀብለኝ እሷው ናት።

ዛሬ ጠዋት ኤፍራታ ቦርሳዋን አዝላ፣ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። አጥር እየጠገንኩ ነበር። "አባዬ" አለች። ሚስማር እየመታሁ ነበር። "አባዬ፣ ልሄድ ነው።"

"ውሃው ኢንጅነሪንግ ለምትሄድ ነው" አልኳት። "ለሌላ ቤት ውሃ የለኝም።"

ጣሳውን አጥሩ ሥር በቀስታ፣ ሳታፈስ አስቀምጣ ሄደች። እስከ ማታ እዚያው ነበር። ያነሣው የለም። ዶሮ ጠጣው።

ሱአድ "ይሄንን እንዳለ ልጻፈው?" አለች። እንዳለ። አነበበችልኝ። ልክ ነው፤ ያልኩት ይህንኑ ነው። ማንም አላልክም ሊለኝ አይችልም።

የካቲት 27

ልጅቷ አልደወለችም። ደመና አለ፤ አልዘነበም።

የካቲት 29

አልደወለችም። ዘሪቱ ከእኔ ጋር የምታወራው በዶሮዎቹ በኩል ነው። "እናንተ ሂዱ፣ እሱ ራቱን ይብላ" ትላለች። እኔም ለዶሮዎቹ "ጠግቤያለሁ በሏት" አልኩ። እውነትም ምግብ አላሰኘኝም። ሙቀቱ ነው።

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ካኮ ውዬ መጣሁ። ገበያ ነበር። ከመኪና ሳልወርድ "የኢንጅነር አባት! የኢንጅነር አባት መጣ!" አሉ። ቅቤ ሻጮቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ዶላሞ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። "ያኛው ኢንጅነር አልበላም ብሏል። ይቺኛዋስ ድልድዩን የት አደረሰችው? ዝናቡ መጣ እኮ! ዘንድሮም ልብሳችንን ራሳችን ላይ ተሸክመን ልንሻገር ነው?" ይላል እየሳቀ። ቋንቋ የምትለውን አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ?

በረት ሄድን። ኢንጅነር ጎኑ ገብቷል። አፉን ሁለት ጎረምሶች ይዘው ከፈቱልንና አየሁ፤ ድዱ ላይ የግራር እሾኽ ተሰክቶ ውስጡ አባብጧል። ነቀልነው። መግልና ደም ወጣ። ወዲያው ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ላሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሣር ነጨ።

"እኔ ደግሞ ጥጋብ መስሎኝ!" አለ ዶላሞ። "ሂድ ብላ እያልኩ በዱላ ስመታው ነው የሰነበትኩት።"

ተቆጣሁት። አፉን ሳታይ ትመታዋለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ? መናገር የማይችልን ነገር ቀርቦ ማየት ነው እንጂ ዱላ ያነሣሉ? ብዬ ብዙ ተናገርኩት። ዶላሞ አስጨርሶኝ፣

"ልጅቷስ ትበላለች?" አለኝ።

ምን አገናኘው? አልኩት።

ሱአድ ዛሬ ጾም ይዛለች፤ ካፈጠረች በኋላ ነው የጻፈችው። ተምር ሰጠችኝ። የመጨረሻውን ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አንዴ ይበቃል አልኳት።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልመጣችም። ዘሪቱ ምግብ ቋጥራ ወሰደችላት። ስትመለስ "እንዴት ናት?" አልኩ፤ ለዶሮዎቹ ሳይሆን ለራሷ። "ሄደህ እያት" አለችኝ። አልሄድም። አባት ነኝ፤ ትምጣ እንጂ።

ሱአድን፣ ኤፍራታ ክሊኒክ መጥታ ታውቃለች ወይ አልኳት። "ጋሼ፣ የታካሚ ነገር ውጭ አይወራም" አለች። አልመጣችም ግን አላለችም።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

የካምፕ ካኪዬን ለብሼ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ኤፍራታን ፍለጋ አይደለም። የክፍሉን ኃላፊ ፍለጋ ነው። ሰው ልጁን ከአንድ ቤት ሊያስወጡበት ሲሉ የቤቱን ባለቤት ይዞ "አትልቀቃት" ይላል። ሁለት ኪሎ ማር ይዤ ነበር።

ኃላፊው ተመስገን ይባላል፤ ከሰሜን የመጣ ገና ልጅ፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ። ሳየው አዘንኩ። ግን ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ማሩን አልቀበልም አለ። ባለጌ ነው ልል ስል "ደንብ ነው አባት፣ አይቀየሙኝ" አለ። ደንብ ከሆነ ደንብ ነው።

"ልጄን አትልቀቃት" አልኩት።

"እኔ ከለቀቅኳት ቆይቻለሁ። ፈርሜላታለሁ። የቀረው የዲኑ ፊርማ ነው፤ እሱም እስከ አርብ።"

"ለምን ፈረምክ?"

"ውጤቷን እሷ ሳትፈቅድልኝ ልነግርዎ አልችልም" አለና ጠረጴዛውን አየ። "ይሄን ብቻ ልበልዎ። ልጅዎ እኔ ክፍል ከኋላ ተቀምጣ ሁልጊዜ ትጽፋለች። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ እኔ የማስተምረውን አልነበረም። አስቀርተናት በሰኔ ከግቢ ብትወጣ የምትጎዳው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።"

እሱ ግን አላበቃም።

"አባት፣ እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቅጹን ለምን ዲኑ ጋ አታደርሽውም ብላት 'ውሃ አልተረጨልኝም' አለችኝ። ሁለቴ ጠየቅኳት፣ ሁለቴም ይሄንኑ ነው ያለችኝ። ምን ማለት ነው?"

"ምንም ማለት አይደለም" አልኩት።

ማሩን ይዤ ተመለስኩ።

መጋቢት 11

ዶላሞ ደወለ። ኢንጅነር ደህና ነው፤ እየበላ ነው። ጥሩ።

ሌላ የምለው የለኝም። ሱአድ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። የለኝም አልኩ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ዘነበ። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አደረ። ነገ አርብ ነው። ዘሪቱ ሳትተኛ ጸለየች፤ ስሜን ስታነሣ ሰማሁ። ለምን የእኔን ስም? የምትፈተነው ልጅቷ ናት።

ካኮ ላይ ቅቤ ሻጮቹ ሲነሡ ይታየኛል። ያቺ ጣሳም ትታየኛለች።

መጋቢት 13፣ አርብ

ጠዋት ቅሌ ውስጥ ውሃ ሞላሁ። ዘሪቱ አየችኝ፤ ካኪዬን አቀበለችኝ። ባጃጅ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ቆመብን፤ ወርጄ ገፋሁ። ዛሬ አርብ ነው፣ ቢሮ በአምስት ተኩል ለምሳ ይዘጋል፤ ባጃጁ ውስጥ ያለው ሬዲዮ አምስት ሰዓት ሲል በር ላይ ደረስን።

ጥበቃው፣ "አባት፣ ፈሳሽ ይዞ መግባት አይቻልም" አለኝ።

"ውሃ ነው።"

"እንግዲያው ይጠጡት።"

"ላልጠጣው ነው የመጣሁት።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

እኔም ጥበቃ ነበርኩ። ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅ ጊዜ መፍጀት ነው። ልጄን ጥራልኝ አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

መጣች። ወረቀቱ ብብቷ ውስጥ ነበር። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ልጄ እንዲህ መሆኗን... ጻፊ፣ ከስታለች በይ። ከስታለች። ለምን መጣህ አላለችኝም።

"እጅሽን" አልኳት።

ዘረጋች። ውሃውን በአፌ ያዝኩ፤ ትንታ ያዘኝና ደፋሁት። ትንታ ነው። አንዳንዴ ይይዘኛል። ዓይኔም በትንታው ነው ያለቀሰው። ጥበቃው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እንደገና ያዝኩ። እጇ ላይ፣ ራሷ ላይ፣ እንደገና ራሷ ላይ። የምትሄጂበት ቤት ይቀበልሽ፣ የተውሽው ቤት አይከተልሽ፣ አፍሽ አይያዝ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ አልኩ። ጥበቃው "አባት፣ እኔንም ነካኝ" ሲል "እንኳን ነካህ" አልኩት። ተማሪዎች ቆመው በስልካቸው ቀረጹን። አንዱ ሳቀ። ይሳቅ።

"ዲኑ ሊወጣ ነው፣ ሩጪ!" አልኳት። ሮጠች። የወረቀቱ አንድ ጎን ረጥቦ ነበር፤ ከሩቅ አየሁት። ወረቀቱ ረጥቧል ብለው እምቢ ቢሏትስ?

ቤት መጣሁ። ስድስት ሰዓት፣ ስልክ የለም። ስምንት ሰዓት፣ የለም። ዘሪቱና እኔ ስልኩን መሃላችን አስቀምጠን ተቀመጥን፤ ዶሮዎቹን ያናገራቸው የለም። ሱአድ ከሥራ ስትመጣ ከበሩ ጀምራ እየሮጠች ነበር፤ ጾመኛ እንዲህ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። "ጋሼ! ዲኑ ምሳ ወጥቶ ነበር። በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ፈረመላት!"

ፈረመ።

መጋቢት 23

አሁንም እፈራለሁ። ያኛው ቤት ቢከብዳትስ? የጽሑፍ ሰው ምን ይበላል? ማን ያሠራዋል? ሱአድ "ጋሼ፣ ዛሬ ይህን አራቴ አሉኝ" አለች። አራቴም ጻፊው አልኳት። አንዴ ብቻ ነው የጻፈችው፤ ሲነበብ ሰማሁ።

ዶላሞ ደወለ። ወሬው ካኮ ደርሷል፤ የቀረጹት ነገር በስልክ ወርዷል። "አፍ የመክፈቱን ትምህርት ጀመረች አሉ! አሁን አንተን ምን ብለን እንጥራህ?" ይስቃል። ከኋላው ሌሎችም ይስቃሉ።

"በሬው ኢንጅነር ነው። በሬ ስሙ አይቀየርም" አልኩት። "እኔም የእሱ አባት ነኝ። ልጅቷን ኤፍራታ ያላት እናቷ ናት።"

"ታዲያ መቼ ይታረዳል?"

"ልጄ ስትመረቅ።"

"ድልድዩንስ ማን ይሥራው?"

"አንተ ልጅ የለህም?"

ሳቁ ቆመ። ቀጥሎ ወንዙ ትናንት ሞልቶ እንደወረደ፣ የሰው ፍየሎች እንደበላ ነገረኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ስለ ፍየሎቹ አሰብኩ።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ሱአድ ለዒድ ወራቤ ሄዳለች። ዛሬ የምትጽፈው ኤፍራታ ናት። ከትናንት ጀምሮ ቤት ናት። ገንፎውን ጨረሰች፤ ድስቱንም ጠረገችው። ዘሪቱ አይታ እንዳላየ ሆና ወጣች፤ ደጅ ስትዘምር ትሰማለች።

ወደኋላ አትግለጪ ብያት ነበር። ገለጠች። የካቲት ሃያ አራትን ስታነብ ዝናቡን ሳይ ቆየሁ። ስትጨርስ ቅጠሉን መለሰችና፣

"አባዬ፣ ይሄን ገጽ ልቅደደው?" አለች።

"አይቀደድም። ያልኩትን ብያለሁ። ከሥሩ ቀጥዪ።"

"ምን ብዬ?"

ጻፊ አልኳት። ሻንቆ ልጁ ምን ትሆናለች ብሎ ዛሬም ይሰጋል፣ ብለሽ ጻፊ። ጻፈች። በሬው ጤነኛ ነው፣ ጻፊ። ጻፈች። ሌላ ብዙ ነገር አልኩ፤ አጎንብሳ ጻፈች፣ ከምናገረው ይልቅ የምትጽፈው ረጅም መሰለኝ። እኔ ሳቆምም እጇ አላቆመም። አይንቀጠቀጥም። ያልኩትን ብቻ ይሁን፣ ሌላም ጨምራ ይሁን፣ አላውቅም።

አንብቢልኝ አላልኳትም።